ሁለት ፓምፕ፣ አንድ ዘይት፦ የአሞኮ ካዲዝ መሪ የከዳበት ቀን

ለምን ይህን ጉዳይ መረጥኩ

መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው ስለ ዋናው ሞተር ማውራት ይወዳል። ጉልበቱ ስንት ነው፣ ነዳጅ ስንት ይበላል፣ መቼ ተፈትቶ ታየ። ስለ ስቲሪንግ ጊር፣ ማለትም የመርከቡን መሪ ስለሚያዞረው መሣሪያ፣ የሚያወራ ግን ብዙም አላየሁም። ከመርከቡ ጭራ፣ ከሰው ራቅ ባለ ክፍል ውስጥ ሆኖ ቀን ከሌት ይሠራል። እስካልተበላሸ ድረስ የሚያስታውሰው የለም።

እኔ ይህን ዕቃ አብዝቼ እፈራዋለሁ። ሞተር ቢቆም ጊዜ ይኖርሃል፤ መልህቅ ትጥላለህ፣ ትጠግናለህ። መሪው ከጠፋ ግን ሞተሩ ራሱ ጠላት ይሆናል። ወደፊት በገፋህ ቁጥር መርከቡ ወደማትፈልገው አቅጣጫ ይዞርብሃል።

ከባሕር ዳር ወይም ከባቦጋያ ሠልጥነው የሚወጡ ልጆቻችን የስቲሪንግ ጊር ደንቡን በቃላቸው ያውቁታል። 35 ዲግሪ፣ 28 ሰከንድ፣ 45 ሰከንድ። ፈተና ላይ ይመጣል፣ ይመልሱታል። ያቺ 45 ሰከንድ ከየት እንደመጣች ስትጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ የነገራቸው ስለሌለ ነው። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ቁጥሩ ከኋላው አንድ መርከብና አንድ ክፉ ቀን አለው።

የመርከቧን ስምና ቦታውን እጽፋለሁ፤ የታወቀ ጉዳይ ነውና። የካፒቴኑንና የመሐንዲሶቹን ስም ግን አላነሣም። እዚያ ክፍል ውስጥ ዘይት እየረጨባቸው የታገሉትን ሰዎች መውቀስ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም።

መርከቧና መንገዷ

አሞኮ ካዲዝ ድፍድፍ ነዳጅ ጫኝ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1974 ስፔን ውስጥ፣ ስሟን በሰጣት በካዲዝ ተሠራች። ርዝመቷ 334 ሜትር፣ ወርዷ 51 ሜትር ነው። ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ በቁመቱ ቀጣጥለህ ብትደረድር እንኳ እሷ ትበልጣለች። ባለቤቷ የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ነበር፤ የምታውለበልበው ደግሞ የላይቤሪያን ባንዲራ።

ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ 220 ሺህ ቶን ገደማ ድፍድፍ ጭና፣ አፍሪካን ዞራ፣ ወደ ሆላንዱ ሮተርዳም ወደብ ትጓዝ ነበር። 44 ሰዎች ተሳፍረውባታል።

የፈረንሳይን ካርታ ከፍታችሁ ወደ ምዕራብ ጫፍ ተመልከቱ። እንደ አፍንጫ ወደ አትላንቲክ የወጣ መሬት አለ፤ ብሪታኒ ይባላል። ከአፍንጫው ጫፍ ላይ ዌሳን የምትባል ደሴት አለች። ከአትላንቲክ ወደ እንግሊዝ ቦይ የሚገባ መርከብ ሁሉ በዚያ ማለፍ አለበት። የባሕር ሞገዱ ኃይለኛ ነው። ዳርቻው ደግሞ በአለት የተሞላ ነው። መሪ የሚጠፋበት ቦታ ምረጥ ቢሉህ የመጨረሻው ምርጫህ እዚያ ነው።

ቀኑ ሐሙስ፣ ማርች 16 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ መጋቢት 7 ቀን 1970 ዓ.ም. ነበር። ከዚህ በታች ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ለማንበብ ይቀላል። ዓመቱ ግን እ.ኤ.አ. ነው።

ስቲሪንግ ጊር እንዴት ይሠራል

ይህን ክፍል ባለሙያው ሊዘለው ይችላል። ሌላው ሰው ግን ቢያነበው ጥሩ ነው፤ ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ራደር ማለት ከመርከቡ ኋላ፣ ከፕሮፔለሩ በስተጀርባ ውሃ ውስጥ የቆመ ትልቅ የብረት ሳንቃ ነው። ወደ ግራ ሲዞር መርከቡ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሳንቃውን የሚያዞር ወፍራም ዘንግ ከላይ እስከ ስቲሪንግ ጊር ክፍል ድረስ ይወጣል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ክንድ ታስሯል። ክንዱን የገፋ ራደሩን ያዞራል። ሌላው ሁሉ «ክንዱን ማን ይግፋ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ድሮ የሚገፋው ሰው ነበር። መሪውን የያዘው መርከበኛ ጎማውን ሲያዞር ገመድ ወይም ሰንሰለት ክንዱን ይስበዋል። መርከብ ሲተልቅ የሰው ጉልበት አልበቃ አለ። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንፋሎት የሚሠራ የመሪ ሞተር መጣ። እሱም ቢሆን በአብዛኛው ሰንሰለትና ዘንግ ነበር የሚጎትተው። ይህ ሜካኒካል አሠራር ብዙ ጉድለት ነበረበት። ሰንሰለት ይላላል፣ ይዝጋል፣ ይበጠሳል። ግን አንድ ትልቅ ጸጋ ነበረው፤ በዓይን ይታያል። የላላውን ታያለህ። የተበጠሰውን ታገኘዋለህ። ራደሩንም በታክል (በገመድና በመዘውር መጎተቻ) ጠፍረህ ልትይዘው ትችላለህ።

ሃይድሮሊክ ሲመጣ ሰንሰለቱ ቀረና ዘይት ተተካ። አሞኮ ካዲዝ ላይ የነበረው ባለ አራት ራም ነው። ራም ማለት ሲሊንደር ውስጥ የሚገባና የሚወጣ ወፍራም የብረት ዘንግ ነው። ፓምፑ ዘይት ሲገፋ ራሞቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ክንዱን ይገፋሉ፣ ራደሩ ይዞራል። ፓምፑ ሲያቆምና ቫልቮቹ ሲዘጉ ዘይቱ የሚሄድበት ስለሌለው ራደሩ ባለበት ይረጋል። ማዕበል ቢመታው እንኳ ዘይቱ አላንቀሳቅስም ብሎ ይይዘዋል። ምቱ ከልክ ካለፈ ደግሞ ሪሊፍ ቫልቭ የሚባለው ይከፈትና ራደሩ ትንሽ እንዲሸሽ ያደርጋል፤ ዕቃው እንዳይሰበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዘይቱ ሁለት ሥራ ነው ያለው። ራደሩን ያዞራል። ራደሩን ደግሞ ይይዛል። ዘይቱ ከፈሰሰ ሁለቱም ይጠፋሉ። ማዞር አለመቻል አንድ ነገር ነው። መያዝ አለመቻል ግን ከዚያ የባሰ ነው።

ችግሩ እንዴት ጀመረ

ከጠዋቱ 3:46 ላይ፣ ከዌሳን በስተሰሜን ጥቂት ማይል ላይ፣ ባሕሩ ክፉኛ እየናጣት ሳለ፣ ራደሩ መታዘዝ አቆመ። ብሪጅ ላይ፣ ማለትም መርከቡ ከሚመራበት ክፍል፣ ያለው ሰው መሪውን ያዞራል፤ መርከቧ ግን ወደ ግራ መዞሯን አላቆመችም።

መሐንዲሶቹ ወደ ኋላ ሮጡ። ስቲሪንግ ጊር ክፍሉ ውስጥ ያገኙት ዘይት ነው። የአንዱ ከፍተኛ ግፊት ያለበት ቧንቧ ፍላንጅ፣ ማለትም ሁለት ቧንቧዎች ፊት ለፊት ተገጥመው በቡሎን የሚታሰሩበት ክብ ብረት፣ ተላቋል። የያዙት ቡሎኖች ተቆርጠዋል። ዘይቱ በግፊት ይወጣል።

በመጠን አስቡት። መርከቧ 334 ሜትር ናት። ቡሎኑ በእጅ የሚያዝ ነገር ነው። ማንኛውም መካኒክ መርካቶ ሄዶ ከሚገዛው ዓይነት ዕቃ በባሕርይው አይለይም። ያ ቡሎን ተቆረጠና ያን ሁሉ ብረትና ነዳጅ መቆጣጠር ተሳነ።

«ሁለተኛ ፓምፕ የለም እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ነበረ። ሁለት ፓምፕ ነበር። ግን ሁለቱም የሚገፉት እዚያው አንድ የዘይት ሥርዓት ውስጥ ነው። አንዱ ፓምፕ ቢቃጠል ሌላው ይተካዋል። የኤሌክትሪክ ችግር ቢመጣም መላ ነበረው። ዘይቱ ራሱ ካለቀ ግን ሁለተኛው ፓምፕ ምኑን ይገፋል? ሁለት ቀጂ ቀጥረህ ገንቦህ አንድ፣ እሱም የተሰነጠቀ ከሆነ፣ የቀጂው ቁጥር ምንም አይጠቅምም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ካፒቴኑ ሞተሩን አስቆመ። መርከቧ ከቁጥጥር ውጭ መሆኗን የሚያሳይ ምልክት ሰቀለ። ከጠዋቱ 4:20 ላይ መርከቧን ማዘዝ እንደማይችልና ሌሎች መርከቦች እንዲጠነቀቁ በሬዲዮ አስታወቀ።

ታች ያሉት መሐንዲሶች መጀመሪያ የሚፈሰውን ለማቆም፣ ከዚያ ዘይት ለመሙላትና የገባውን አየር ለማስወጣት ሞከሩ። መኪና የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። የፍሬን ዘይት ውስጥ አየር ሲገባ ፔዳሉ እስከ ታች ይሰምጣል እንጂ አይዝም። ስቲሪንግ ጊርም እንዲሁ ነው። አየር ይጨመቃል፤ ዘይት አይጨመቅም። አየሩ ካልወጣ ፓምፑ ቢሠራ እንኳ ራደሩ አይታዘዝም። አየር ማስወጣት ደግሞ ትዕግሥትና የረጋ ወለል ይፈልጋል። እነሱ የነበሩበት ወለል በዘይት የተለቀለቀና በማዕበል የሚወዛወዝ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ራደሩ የሚይዘው አጥቶ ነበር። ማዕበል በመታው ቁጥር ከዳር ዳር ይወረወራል። ክንዱና ራሞቹ አብረው ይማታሉ። እኔ ስቲሪንግ ጊር ክፍል ውስጥ በሰላሙ ቀን ቆሜ አውቃለሁ። ራሞቹ በዝግታ፣ ያለ ብዙ ድምፅ ሲገቡና ሲወጡ እንኳ ጉልበታቸው ወለሉ ላይ ይሰማል። ጫማህ ስር ይርገበገባል። ያ ጉልበት ልጓም አጥቶ ሲደበድብ ከጎኑ ቆሞ ቁልፍ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ ይከብደኛል።

ራደሩን በሰንሰለትና በታክል ጠፍረው ለመያዝም ሞከሩ። አልያዘም። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዕቃው ባሕር ላይ የሚጠገን እንዳልሆነ ገባቸው።

ከጠዋቱ 5:20 ላይ ጎታች መርከብ ተጠራ። መሪው ከጠፋ 1 ሰዓት ከ34 ደቂቃ በኋላ ማለት ነው። 5:28 ላይ አንድ የጀርመን ጎታች መለሰ። 6:20 ላይ ደረሰ። ማዕበሉ ገመድ ለማቀበል እንኳ የማይመች ስለነበር ገመዱ የታሰረው ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው።

በዚህ መሃል ስለ ውል ክርክር ነበር። ጎታቹ ያቀረበው በማዳን ሥራ የተለመደውን ውል ነው። ውሉ በአጭሩ «ካላዳንኩ አትከፍለኝም፤ ካዳንኩ ግን ዋጋውን ዳኛ ይወስናል» ይላል። ካፒቴኑ የፈለገው በታሪፍ የሚከፈል ተራ የመጎተት ሥራ ነበር። የኩባንያው ኃላፊዎች ያሉት ደግሞ አሜሪካ፣ ቺካጎ ነው። ስምምነት የተደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ጎታቹ ክርክሩ እስኪያልቅ እጁን አጣጥፎ እንዳልተቀመጠ መናገር ያስፈልጋል፤ ገመዱን አስሮ መሳብ ጀምሯል። ብዙ ሰው ግን ታሪኩን ሲያወራ መርከቧ የጠፋችው በድርድሩ ምክንያት ብቻ ነው ይላል። እኔ እንደዚያ አላይም። ጉዳዩ የተበላሸው ከዚያ በፊት ነው።

ከቀኑ 10:15 ላይ ገመዱ ተበጠሰ። እንደገና ለማሰር ደጋግመው ሞከሩ። መርከቧ መልህቅ ጣለች፤ አላቆማትም። ከምሽቱ 2:55 ላይ ሌላ ገመድ ታሰረ። ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ቆይቶ፣ 3:04 ላይ፣ መርከቧ ፖርትሳል ከምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ፊት ለፊት ያሉትን አለቶች ነካች። ሞተር ክፍሉ ውሃ ገባበት። 3:39 ላይ እንደገና ተመታች። በዚህ ጊዜ ሆዷ ተቀደደ።

ምን ሠራ፣ ምን ሳይሠራ ቀረ

የሠራው ነገር ሰው ማዳን ነው። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሄሊኮፕተሮች በዚያ ንፋስ፣ በጨለማ፣ እኩለ ሌሊት ላይ መርከበኞቹን አንድ በአንድ አወጡ። ካፒቴኑና አንድ መኮንን እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መርከቧ ላይ ቆዩ። በመጨረሻ እነሱም ወጡ። ከ44ቱ አንድም ሰው አልሞተም። ይህን ሳላመሰግን አላልፍም።

የቀረው አልሠራም። በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መርከቧ ለሁለት ተሰበረች። የጫነችው ድፍድፍ በሙሉ፣ ከራሷ ነዳጅ ጋር፣ ባሕር ገባ። 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የባሕር ዳርቻ ተበከለ። ከአዲስ አበባ አዋሳ ደርሰህ፣ ከዚያም አልፈህ የምትሄደው ርቀት ነው። ወታደሩ፣ ገበሬው፣ ተማሪው በአካፋና በባልዲ ወጣ። ገበሬዎች የከብት ፍግ የሚያጓጉዙባቸውን ቦቴዎች በትራክተር ጎትተው አምጥተው ዘይት መጠጡባቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ወፎች ሞቱ። ወደ 9 ሺህ ቶን የሚገመት ኦይስተር፣ የዚያ አገር ሰው እንደ ሰብል የሚያለማው የባሕር ቀንድ አውጣ መሳይ ምግብ፣ ጠፋ።

መሪው ከጠፋበት እስከ መጀመሪያው ግጭት 11 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነበር። ቁጥሩን ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በእኔ ግምት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውጭ ያለው ሁሉ በጣም ጠባብ ዕድል ነው። በዚያ ማዕበል፣ ያን ያህል ክብደት፣ አንድ ጎታች ይይዘዋል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ሌላ ትልቅ ጎታች ተጠርቶ ነበር፤ ሳይደርስ መሸ። ስለዚህ ዓይኔ የሚያርፈው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ ቡሎኑ ከመቆረጡ በፊት የነበሩት ወራት ናቸው። ሁለተኛው፣ ቡሎኑ ከተቆረጠ በኋላ ያለው 1 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ነው።

ስለዚያ ጊዜ ልናገር። መሐንዲስ ሲባል ተፈጥሮው «እጠግነዋለሁ» ማለት ነው። ብሪጁ ይደውላል፤ «ስንት ጊዜ ይፈጅባችኋል?» ይላል። «ትንሽ ጠብቁ፣ እየሞከርን ነው» ትላለህ። ውሸት አይደለም፤ በእርግጥ እየሞከርክ ነው። ካፒቴኑም በመልስህ ተስፋ ያደርጋል። ባሕሩ ግን የአንተን ሙከራ አይጠብቅም። ጎታች መጥራት ጥገናውን ማቆም አይደለም። ሁለቱም ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ። ጎታቹ ደርሶ ሳያስፈልግ ቢቀር የሚጠፋው ገንዘብ ነው።

ፍርድ ቤቱ ምን አለ

ክሱ የታየው ቺካጎ በሚገኝ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ተሰጠ። ኩባንያው ተጠያቂ ሆነ። ከምክንያቶቹ ሦስቱ ለእኛ ሙያ ዋና ናቸው። ስቲሪንግ ጊሩ በአግባቡ አልተጠገነም፣ እንክብካቤም አልተደረገለትም። መርከበኞቹ በቂ ሥልጠና አልተሰጣቸውም። ሦስተኛው ደግሞ እኔ ደጋግሜ የማነበው ነው፦ ሃይድሮሊኩ ቢከዳ ራደሩን የሚቆጣጠር ሌላ ምንም መንገድ ሳይኖር መርከቧን ማሠራት በራሱ ቸልተኝነት ነው ተባለ። መርከቧን የሠራው የስፔን ድርጅትም በዲዛይኑና በአሠራሩ ድርሻው ተነገረው። ጎታቹ ነጻ ወጣ።

ይግባኙ፣ ካሣው፣ ወለዱ ሲባል ነገሩ እስከ 1992 ተጎተተ። በመጨረሻ የተከፈለው ወለዱን ጨምሮ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የብሪታኒ መንደሮች 14 ዓመት ጠበቁ።

ሦስተኛውን ምክንያት ልብ በሉልኝ። ፍርድ ቤቱ «ቡሎኑ ለምን ተቆረጠ» ብሎ ብቻ አላቆመም። ቡሎን ይቆረጣል። ብረት ነው፤ ይደክማል። «ሲቆረጥ ምን ልታደርጉ ነበር?» ብሎ ነው የጠየቀው።

ደንቡ እንዴት ተለወጠ

የሚያስቆጭ ነገር አለ። ከአደጋው አንድ ወር ብቻ ቀደም ብሎ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1978፣ ለንደን ላይ የተሰበሰቡ አገሮች ስለ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ደኅንነት አዲስ ፕሮቶኮል አጽድቀው ነበር። ስለ ስቲሪንግ ጊርም ይናገራል። ስለ ፓምፖችና ስለ መቆጣጠሪያ መስመሮች እጥፍ መሆን ደንግጓል። ግን ገና ወረቀት ነበር፤ ሥራ ላይ አልዋለም። ከአሞኮ ካዲዝ በኋላ ደግሞ ያም እንደማይበቃ ታወቀ።

በ1981 የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነቱ፣ ማለትም ሶላስ፣ ተሻሻለ። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1984 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ያቺ 45 ሰከንድ የመጣችው ከዚህ ነው። 10 ሺህ ግሮስ ቶን (የመርከብ ትልቅነት መለኪያ) እና ከዚያ በላይ የሆነ አዲስ ነዳጅ ጫኝ፣ ክንዱን ከሚገፋው የኃይል ሥርዓት አንዱ ክፍል ቢበላሽ፣ በ45 ሰከንድ ውስጥ መሪው መመለስ አለበት። የተበላሸው ወገን ተለይቶ ይዘጋል፤ የቀረው ወገን በራሱ ዘይት ይሠራል።

11 ሰዓት ከ18 ደቂቃን አስታውሱ። ከዚያ 45 ሰከንድ ወጣ።

ሌሎቹንም አንቀጾች ከዚህ ጉዳይ ጎን አድርጋችሁ አንብቧቸው፤ ሕይወት ይዘራባቸዋል። የእያንዳንዱ ዘይት ታንክ መጠን ሲቀንስ የሚጮህ አላርም መኖር አለበት ይላል። ለምን? ዘይቱ ፈሶ ከማለቁ በፊት እንድታውቅ። ቢያንስ አንዱን ወገን እንደገና ለመሙላት የሚበቃ ዘይት የያዘ፣ በቧንቧ የተገናኘ ቋሚ ታንክ መኖር አለበት ይላል። ለምን? በሚወዛወዝ ወለል ላይ በርሜል ተሸክመህ በባልዲ እንዳትሞላ። መርከብ ከወደብ ከመነሣቱ በፊት ባሉት 12 ሰዓታት ውስጥ ስቲሪንግ ጊሩ ይፈተሽ ይላል። የድንገተኛ መሪ ልምምድ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይደረግ ይላል።

ከመርከቡ ውጭም ብዙ ተለወጠ። ፈረንሳይ ከ1979 ጀምሮ ብሬስት ወደብ ላይ ትልቅ ጎታች በተጠንቀቅ አቆመች። የመርከቦቹ መንገድ ከዳርቻው እንዲርቅ ተደረገ። በ1982 የአውሮፓ አገሮች ወደባቸው የሚገቡ የውጭ መርከቦችን በጋራ ለመፈተሽ ፓሪስ ላይ ተስማሙ። የእኛ ልጆች አውሮፓ ወደብ ሲደርሱ መርማሪ መርከቡ ላይ ወጥቶ «ስቲሪንግ ጊር ክፍሉን አሳዩኝ» የሚላቸው የዚህ ውጤት ነው። የ1989ኙ የማዳን ሥራ ስምምነት ደግሞ መርከቡን ማዳን ባይቻል እንኳ ብክለት ለመከላከል የደከመ ጎታች ወጪው እንዲተካለት አደረገ። ያ የውል ክርክር እንዳይደገም ነው።

ለሌላ መርከብ የሚተርፈው

የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። መጠባበቂያ ሲባል የዕቃውን ቁጥር አትቁጠሩ። የሚጋሩትን ፈልጉ። ሁለት ፓምፕ አንድ ዘይት ከተጋሩ፣ ዘይቱን በተመለከተ መጠባበቂያ የለህም። ሁለት ጄኔሬተር አንድ የነዳጅ ማጣሪያ ከተጋሩ እንደዚያው ነው። ይህ መርከብ ላይ ብቻ አይደለም። ሆስፒታል ውስጥም፣ ፋብሪካ ውስጥም፣ የኮንዶሚኒየም ውሃ ፓምፕ ላይም ይሠራል። የሥርዓቱን ሥዕል አውጥተህ በጣትህ ከሁለቱም ዕቃ ተነሥተህ ተከተል። ሁለቱ ጣቶችህ የሚገናኙበት ቦታ ነው አደጋው።

ሁለተኛው ስለ ዘይት መሙላት ነው። ስቲሪንግ ጊር ዘይት የሚበላ ዕቃ አይደለም። ሞተር ዘይት ያቃጥላል፤ ይህኛው ግን ዝግ ሥርዓት ነው። መጠኑ ከቀነሰ የሆነ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው። ጣሳ አንሥቶ ሞልቶ ማለፍ ቀላል ነው። ከባዱ የወጣበትን መፈለግ ነው። ስንት እንደሞላህ ካልጻፍክ ደግሞ ከአንተ በኋላ የሚረከበው ሰው «ይህ ጊር ትንሽ ትንሽ ይጠጣል» ብሎ ይለምደዋል። በእኛ ሥራ ከብልሽት ይልቅ የሚያስፈራው የተለመደ ብልሽት ነው።

እኔ ዙር ስወጣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ እይዛለሁ። እያንዳንዱን ፍላንጅ ከስር እጠርገዋለሁ። በዓይን ደረቅ የሚመስል ፍላንጅ ጨርቁ ላይ ቢጫ ቀለበት ይተዋል። ያ ቀለበት ነው መጀመሪያ የሚናገረው። ቡሎኖቹን ደግሞ በጣት እነካለሁ። ስር ባለው ቀለም ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካየሁ ቡሎኑ ተንቀሳቅሷል። ይህን ያስተማረኝ የቀድሞ አለቃዬ ነው፤ ማኑዋል ላይ አላገኘሁትም።

ሦስተኛው መቼ እርዳታ እንደሚጠራ አስቀድሞ መወሰን ነው። በጭንቅ ሰዓት ሰው ተስፋውን ነው የሚያምነው። ስለዚህ ውሳኔው በሰላሙ ጊዜ ይጻፍ። ዳርቻው ይህን ያህል ከቀረበና መሪው በዚህን ያህል ደቂቃ ካልተመለሰ ጎታች ይጠራል፤ ማንም ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ካፒቴኑ ቢሮ እስኪፈቅድለት የሚጠብቅበት አሠራር ካለ ደግሞ ችግሩ ያለው ቢሮው ውስጥ ነው።

የመጨረሻው ስለ ልምምዱ ነው። በየሦስት ወሩ የሚደረገውን ልምምድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው። አንዱን ፓምፕ እናጠፋለን፣ ሌላውን እናስነሣለን። ከብሪጅ በስልክ «ግራ 10» ይሉናል፣ በእጅ እናዞራለን፣ መዝገብ ላይ እንፈርማለን። ደንቡ የጠየቀውን አድርገናል። አሞኮ ካዲዝ ላይ የተበላሸው ግን ፓምፕ አልነበረም። ስለዚህ የሚቀጥለውን ልምምድ በሌላ ነገር ጀምሩት። በሩ ላይ ቁሙና «በዚህ ፍላንጅ ዘይት እየፈሰሰ ነው» በሉ፤ በጣታችሁ አሳዩት። የትኛው ቫልቭ ነው የሚዘጋው? በየት በኩል ይደረስበታል? መብራት ቢጠፋስ በዳሰሳ ይገኛል? መሙያው ታንክ ውስጥ ዛሬ ስንት ዘይት አለ? በቅርብ የተቀጠረው ልጅ ይመልስ፤ ቺፉ፣ ማለትም ዋናው መሐንዲስ፣ ዝም ይበል። ሰዓት ያዙበት።